በአስቸኳይ ምልክቶች ገጻችሁ ላይ ስለሚንሳፈፉት ነጠብጣቦች

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታሉ የድረ ገጽ አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በደኅና፣ ሁለቱንም ዓይኖችዎን ደግሞ በሙሉ ብርሃናቸው እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴን ዓይን ላይ ማጥበቄ የመሥሪያ ቤትዎን ሥራ በማሰብ ብቻ አይደለም። ሰው ለሌላው አብዝቶ የሚመኘው በራሱ ቤት የጎደለውን ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ በቅርቡ አንድ ዓይን ጎድሏል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስሁት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ዘመን የጻፍሁት ፊደል ከሰሌዳው ተነሥቶ ሲንሳፈፍ፣ ሲገለባበጥ ወይም ተማሪዎቼን ሲጠቅስ አይቼ ስለማላውቅ፣ ስለ እናንተ ሙያ የምናገረው ሁሉ ከአላዋቂ አፍ እንደወጣ ተቆጥሮ ይቅር እንዲባልልኝ እለምናለሁ። የማውቀው ጥቂት ነገር ቢኖር የእህቴ ልጅ ያስረዳችኝ ነው። እሷም እንደ እናንተው ድረ ገጽ ትሠራለች፤ ልዩነቱ የእሷ ገጽ ጫማ መሸጡ ነው።

ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በጋዜጣ ማውጣቴ በግል ሳልጽፍልዎ ቀርቼ አይደለም። ገጻችሁ ላይ «አስተያየት መስጫ» በሚለው ቦታ ሐሳቤን በጨዋ ቋንቋ ጽፌ ላክሁ። ወዲያው አንድ አረንጓዴ የ«ራይት» ምልክት ከታች ብቅ አለና ዘለለ፣ ተሽከረከረ፣ ከላይ ባለቀለም ወረቀት እንደ ዝናብ ወረደ፣ «እናመሰግናለን! አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው!» የሚል ጽሑፍም እየተወዛወዘ መጣ። ከዚያ በኋላ ዝም። መልስ ሲጠፋ ደግሜ ጻፍሁ፤ ደግሞ ዘለለ፣ ደግሞ ወረቀቱ ወረደ፣ ደግሞ ዝም። የጻፍሁት ስለ እህቴ ዓይን መጥፋት ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለይቶ ማቅረብ ቢያስቸግረኝ፣ ሁለቱንም ቀላቅዬ በተራ ቁጥር እንዳስቀምጠው ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ገጻችሁ ሲከፈት ስለሚቀበለን ትልቅ ዓይን አመሰግናለሁ። ሽፋሽፍቱን ቀስ ብሎ ይገልጣል፣ ግራና ቀኝ ይቃኛል፣ ከዚያም ይጠቅሰናል። ይህ ሥርዓት እስኪያልቅ ድረስ ምንም ነገር መንካት አይቻልም። ቀጥሎ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ቃል ፊደል በፊደል፣ ከጉም ውስጥ እንደሚወጣ ሰው እየደመቀ ይመጣል። ታላቅ እህቴ፣ እኔም ሰፈሩም እትዬ እያልን የምንጠራት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ርቀት አታይም፤ መነጽሯ ወፍራም ነው፤ መርፌ ስትሰካ ዓይኗን ከክሩ ጋር ልታሳስመው ትደርሳለች። ያ ጽሑፍ ከጉሙ እስኪወጣ ድረስ መነጽሯን አውልቃ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ መልሳ አድርጋ፣ «ኧረ ዛሬስ ጭራሽ ባሰብኝ» ብላ ትደነግጣለች። ድንጋጤዋ ሲያበቃ ጽሑፉ ይጠራል። ዓይኑ የደከመን ሰው መጀመሪያ አስደንግጦ ኋላ ማስታገስ ምናልባት ሕክምና ይሆናል ብዬ ለራሴ ተረጎምሁት።

እዚህ ላይ የቀጠሮ መስጫውን መስኮት ስለመዝጋትዎም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ድሮ ከመስኮቱ ኋላ አንዲት ሴት ተቀምጣ የማያየውን ሰው በድምፅ ታስተናግደው ነበር። አሁን መስታወቱ ላይ «በድረ ገጻችን ይጠቀሙ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ያውም በደቃቅ ፊደል። ዓይኑን ለሚታመም ሰው ያለ ዓይን የማይሠራ በር መክፈት እግሩ የተሰበረውን «ቶሎ ሩጥና ሐኪሙ ላይ ድረስ» እንደማለት ነው።

፪ኛ. «ቀጠሮ ያዝ» ስለሚለው ቁልፍ። ጣት ሲጠጋው ያብጣል፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ ቀለሙን ይለዋውጣል። ከሥሩ ያሉት የሕክምና ክፍሎች ስም የተጻፈባቸው ካርዶች ደግሞ እንደ መንኮራኩር እየተንከባለሉ ያልፋሉ። እትዬ የምትፈልገው ካርድ እስኪመጣ ጣቷን ሰቅላ ትጠብቃለች፤ ሲመጣ ትነካለች፤ ስትነካ አልፏል። በዚህ ዓይነት በስድሳ ዓመቷ የሕፃናት ዓይን ክፍል ቀጠሮ ተያዘላትና ሄዳ ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ጋር ተሰልፋ ዋለች። አንዲት የሕፃናት ክፍል ነርስ እየሳቀች እጇን ይዛ ወደ ትክክለኛው ክፍል ባታደርሳት ኖሮ ሐኪም ሳያያት ትመለስ ነበር። በዚህ አጋጣሚ ነርሷን አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ስታይ ጥርሷን ነከሰች። በገጽ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ያስረዳችኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ቁልፍ ሲነካ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ቢል «ሰምቻለሁ» ማለቱ ነው፤ የተመረጠው ጫማ ወደ ቅርጫቱ ሲንሸራተት የት እንደገባ ማሳየቱ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን አንዴ ቢነቃነቅ «እዚህ ጋ ተመልከት» ማለቱ ነው። እንቅስቃሴ ንግግር ነው አለችኝ፤ የሚናገረው ሲያጣ ለፍላፊ ይሆናል። ደግሞም በየስልኩ ሴቲንግ ውስጥ እንቅስቃሴ እንዲቀነስለት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ምርጫ እንዳለ፣ ጥሩ ገጽ ሁሉ ያንን ምርጫ ጠይቆ እንደሚያከብር ነገረችኝና በእትዬ ስልክ ላይ አበራችው። የምትከፍታቸው ገጾች ሁሉ ረጋ አሉ። ባንኩ ረጋ አለ፣ የአየር ጠባዩ ረጋ አለ፣ ጫማ ሻጩም ረጋ አለ። የዓይን ሆስፒታሉ ብቻ ጭፈራውን ቀጠለ። የጫማ ነጋዴ ለዓይን ካሰበ የዓይን ሆስፒታል ለእግር ያስብ ይሆናል ብለን ዝም አልን።

፫ኛ. አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፤ ከዚህ በላይ ያለው መንደርደሪያ ነበር። ተማሪዎቼን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብዬ ያስተማርሁ ሰው ራሴ ዳር ዳር ማለቴ ስለሚከብደኝ ነው እንጂ ሥሩ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህ ቁጥር ከሌሎቹ ቢረዝም ይታገሡኝ።

የእትዬ ሐኪም ጨዋና ታጋሽ ሴት ናት። ከወራት በፊት መርምራት ስታበቃ ከዓይን በስተኋላ ሬቲና የምትባል ስስ ሽፋን እንዳለች፣ እንደ እትዬ ርቀት በማያይ ዓይን ውስጥ ይህች ሽፋን አንዳንዴ ከቦታዋ እንደምትላቀቅ፣ ስትላቀቅም ምንም እንደማታምም አስረዳቻት። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ድንገት የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች፣ በዓይን ጠርዝ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን፣ ከጎን እንደ መጋረጃ የሚሳብ ጥላ። «ከሦስቱ አንዷን እንኳ ካዩ ቤት እንዳይቆዩ፤ በዚያው ሰዓት ይምጡ። ከረሱት ደግሞ ገጻችን ላይ ተጽፏል» አለቻት።

እትዬ መርሳት ስለምትፈራ በዚያው ቀን «አስቸኳይ ምልክቶች» የሚለውን ገጽ ከፈተች። አሁን እርስዎ ቢሮዎ ውስጥ ሆነው ይህን ገጽ ከፍተው ከእኔ ጋር አብረው ቢመለከቱልኝ ደስ ይለኛል። ከጽሑፉ ኋላ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ቀስ እያሉ ይንሳፈፋሉ። ጽሑፉ እስኪመጣ ድረስ ባዶው ቦታ ላይ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ብልጭ እያለ ያልፋል። ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መጋረጃ ከጎን መጥቶ ሁሉንም ይሸፍንና ይመለሳል። እትዬ ስልኩን ጥላ «ጉዴ ፈላ፣ ሦስቱም አሉብኝ!» ብላ ጮኸች። እኔም መነጽሬን አድርጌ አየሁ፤ ሦስቱም አሉብኝ። ጎረቤታችን ጫማ ጠጋኙ ጩኸት ሰምቶ መጣ፤ እሱም አየ፤ እሱም ላይ ሦስቱም አሉበት። ለትንሽ ጊዜ ያህል ሰፈሩ በጠቅላላ ሊታወር ነበር።

ገጹ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልን። (ቁጥሩ ከታች ብቅ ጥልቅ ስለሚል ጫማ ጠጋኙ ሲያነብ፣ እኔ ስጽፍ፣ እትዬ ስትደውል ነበር።) ያነሣው ልጅ በጣም ትሑት ነው፤ «አይዞዎት እናቴ፣ እሱ የገጹ ዲዛይን ነው፤ ብዙ ሰው እኮ ይደውልልናል» ብሎ አረጋጋን። ሳቅን። እትዬ ለብዙ ቀን ስትስቅበት ሰነበተች፤ የቤቱ አምፖል ብልጭ ባለ ቁጥር «ውይ ሬቲናዬ!» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ሌላ ቀን እትዬ የክትትል ቀጠሮዋን ለማየት ገጹን ከፈተች። ነጠብጣቦቹ መጡ፤ የለመደቻቸው ናቸው። ብልጭታው መጣ፤ የለመደችው ነው። መጋረጃው ከጎን መጣ፤ እስኪመለስ ጠበቀችው፤ ዘገየ፤ ኔትወርኩ ነው አለች። ስልኩን ዘግታ ስፌቷ ላይ ስትቀመጥ ነጠብጣቦቹ ተከትለዋት መጥተው ጨርቁ ላይ ተንሳፈፉ። አምፖልን አትኩሮ ያየ ሰው ዘወር ሲልም ብርሃኑ ዓይኑ ላይ እንደሚቀር ሁሉ ገጹ ዓይኗ ላይ የቀረ መሰላት። እንዲያም ሆኖ እህቴ ጠንቃቃ ናትና ደወለች። ክቡርነትዎ እንዲያስታውሱልኝ የምፈልገው ይህችን አንዲት ቃል ነው፤ ደወለች። በዚህ ጊዜ ያነሣችው ልጅ ገጹን ከፍታ እንደነበር ጠየቀቻት፤ አሁን መዝጋቷ እንደሆነ ስትነግራት «እንግዲያው የገጹ ነው እናትዬ፤ ስልኩን ያስቀምጡና ዓይንዎን ያሳርፉ» አለቻት።

እትዬም ዓይኗን አሳረፈች። ሻሿን አጥፋ ዓይኗ ላይ አስራ ተጋደመች። እኔ ስገባ ምን ሆነሽ ብላት «ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ የገጹ ነው አሉኝ» ብላ መለሰችልኝ፤ ከሆስፒታሉ የመጣ ቃል ስለሆነ እኔም እፎይ አልሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኛ ግን ጠርጥረን ነበር፤ እንዳንጠረጥር በትሕትና የነገራችሁን እናንተ ናችሁ።

ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ። እትዬ እየተሻለኝ ነው ትል ነበር፤ የተሻላት ብልጭታው ስለቆመ ነው። የእህቴ ልጅ ለሥራ ከሄደችበት ስትመለስ እናቷን መቀስ ይዛ አገኘቻት። ጨርቁ ላይ በጠመኔ የተሰመረ የእጅጌ ልክ አለ፤ መቀሱ ከመስመሩ ወጥቶ በሌላ መንገድ ይሄዳል። እህቴ መቀስ ከያዘች ጀምሮ ከመስመር ወጥታ አታውቅም። ልጅቷ እናቷን ቀኝ ዓይኗን በእጇ አስከድና «ማነኝ?» አለቻት። እትዬ «እጅሽን ስታወዛውዢ ይታየኛል» አለች። በታክሲ ይዘናት በረርን።

ሐኪሟ ካየቻት በኋላ «ጥላው ጠርዝ ላይ ሳለ መጥተው ቢሆን ኖሮ…» ብላ ጀምራ አቋረጠችው፤ ደግ ሰው ስለሆነች ነው ያቋረጠችው። ያን ቀን ለምን አልመጡም ብላ ስትጠይቃት እህቴ የሰጠችው መልስ «ደውዬ ነበር እኮ» የሚል ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ዛሬ ግራ ዓይኗ ብርሃንን ከጨለማ፣ የሚወዛወዝን እጅ ከቆመ እጅ ይለያል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር እንዳንጠብቅ ተነግሮናል። ቀኝ ዓይኗም ከኋላው ሳስቷል። ያለቻት እሷው ብቻ ናት፤ መርፌ የምትሰካባት፣ ልጇን የምታይባት። ሐኪሟ የሳሳውን አጥብቃ ስታበቃ እንደገና እነዚያኑ ሦስት ምልክቶች ነገረቻት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለጠፋው ዓይን ለመካሰስ አይደለም፤ ስለቀረው ነው።

፬ኛ. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እርስዎን ባላገኝም በባልደረቦችዎ ስለተደረገልኝ መልካም መስተንግዶ። ወንበር ተሰጠኝ፣ ውሃ ተሰጠኝ፣ አንድ ትሑት ወጣት ዲዛይነርም የአሠራሩን ሁኔታ አስጎበኘኝ። በየወሩ መጨረሻ ሁላችሁም በአንድ አዳራሽ ትሰበሰባላችሁ፤ አዲስ የተፈጠረ እንቅስቃሴ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ ይታያል፤ የበለጠ የተጨበጨበለት በማግሥቱ ገጹ ላይ ይወጣል። ስክሪኑን አየሁት። እዚያ ላይ ነጠብጣቦቹ እውነትም ያምራሉ፤ የሰማይ ከዋክብት ይመስላሉ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ታካሚ ተቀምጦ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ወጣቱ ጥያቄው አልገባውም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት ስጠይቀው ደስ ብሎት ነገረኝ። «እያንዳንዱ ገጽ የያዘውን ጉዳይ በእንቅስቃሴ ይግለጽ» የሚል መመሪያ ከእርስዎ ወርዶለት ነበር። እሱም ቁጭ ብሎ የአስቸኳይ ምልክቶችን ጽሑፍ አነበበ፤ ነጠብጣብ ይላል፣ ነጠብጣብ ሠራ፤ ብልጭታ ይላል፣ ብልጭታ ሠራ፤ መጋረጃ ይላል፣ መጋረጃ ሳበ። በዚያ ወር እንደ እሱ የተጨበጨበለት አልነበረም። አልተቆጣሁትም፤ ያስተማርኋቸው ልጆች ሁሉ እንዲህ አንድም ቃል ሳይዘሉ ቢያነቡ ኖሮ ጡረታዬ በጣፈጠኝ ነበር። ስለ እትዬ ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። ዛሬውኑ ከገጹ አነሣዋለሁ አለኝ። ወጥቶ ተመልሶ መጣና ገጹ ለድረ ገጽ ዲዛይን ውድድር ስለቀረበ ዳኞቹ አይተው እስኪጨርሱ ድረስ ምንም እንዳይነካ ከእርስዎ መታዘዙን አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ለውድድሩ መልካም ዕድል።

፭ኛ. ስወጣ ኮሪደሩ ላይ በትልቁ የተሰቀለውን የሥራ ክንውን ማሳያ አነበብሁ፤ አይንቀሳቀስም ነበርና ለማንበብ አልተቸገርሁም። «ያለ በቂ ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ተገልጋዮች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል» ይላል። ይህ እንዴት እንደተገኘ የስልክ ክፍሏን ልጅ ጠየቅኋት። ነጠብጣብ፣ ብልጭታ ወይም መጋረጃ አየሁ እያለ የሚደውል ሰው ስለበዛ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲደውል የገጹ ዲዛይን መሆኑን በትሕትና አስረድተው እንዲያረጋጉ ከላይ ታዘዙ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ የተባለችውን አደረገች። ምናልባት እህቴን ያረጋጋቻት እሷ ትሆናለች ብዬ ድምፅዋን ደጋግሜ አዳመጥሁት፤ መጠየቅ ግን አቃተኝ።

ክቡር ሆይ፣ እህቴን ከቀነሱት ውስጥ ቆጥረውልኛል። ስለዚህ ምን ብዬ እንደማመሰግን ቋንቋ አስተምሬ የጨረስሁት ሰውዬ ቃል አጠረኝ።

እዚህ ላይ ቁጥሬን አቆማለሁ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። በትሕትና የምጽፍ መስዬ በውስጤ ግን በጣም አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈርቻለሁ። እትዬ አሁን በየጠዋቱ ከአልጋዋ ተነሥታ ምንም ያልተሰቀለበት ነጭ ግድግዳ ፊት ትቆማለች፤ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከድና በቀኟ ግድግዳውን ትመረምራለች። ዝንብ ካለፈ «አየኸው ወይስ የእኔ ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች። አየሁት ስላት ታምነኛለች፤ ግን እኔ ሁልጊዜ ቤት አልኖርም። በገዛ ዓይኗ የምታየውን ነገር እውነት ይሁን አይሁን ሰው ሳትጠይቅ ማመን የተሳናት ከሕመሙ አይደለም፤ የታመመ ዓይን የሚያየውንና የእናንተ ገጽ የሚያሳየውን አንድ ስላደረጋችሁባት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ ለግራ ዓይኗ ጊዜው አልፏል። ለቀኙና በየቤቱ እንደ እሷ ስልክ አቅርበው ለሚያነቡት ዓይኖች ግን ገና ነው። ስለዚህ እባክዎ፣ በዚያች በአንዲት ገጽ ላይ ምንም ነገር አይንቀሳቀስ። ጽሑፉ ይምጣና ይቁም። ነጠብጣብ የሚያይ ሰው የሚያየው የራሱን ዓይን መሆኑን ያለ ማንም ምስክር ይወቅ። ታካሚው በስልኩ ላይ እንቅስቃሴ ይቀነስልኝ ብሎ ሲመርጥ ጫማ ሻጩ ያከበረውን ያህል እናንተም አክብሩት። ስልክ የሚያነሡት ልጆች «የገጹ ነው» ማለትን ይተዉና «ይምጡ» ይበሉ፤ በከንቱ የመጣ ሰው የሚያጣው አንድ ግማሽ ቀን ነው። የቀጠሮ መስኮቷንም ለማያዩት ስትሉ ብትከፍቷት፣ ያቺ ሴት ጡረታ ካልወጣች ሥራዋን የምትረሳው አይመስለኝም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ትልቁ ዓይን በመግቢያው ላይ መጥቀስ ከፈለገ ይጥቀስ፤ ለምደነዋል።

እትዬ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ታውቃለች፤ የነገረችኝ ነገር ቢኖር «ሰው እንዳታስቀይም» የሚል ነው። የሚያስቀይም ነገር አግኝተውብኝ እንደሆነ የእሷን አደራ ስለበላሁ ይቅርታዎን ከእሷ ላይ ሳይሆን ከእኔ ላይ ያንሡት።

ለሚያገኙት ሽልማት በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት እያልሁ፣ ትዕግሥቱን ከሕዝብ ወረፋ፣ ትሕትናውን ከስልክ ክፍላችሁ የተማረ፣ መልስዎን ያለ ጭፈራና ያለ ባለቀለም ወረቀት በአንድ ተራ መስመር ቢጽፉለት ደስታውን የማይችለው፣

አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በተራ ወረቀት ላይ የታተመ ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ምንም ነገር የለበትም። ሲያነቡት ነጠብጣብ ከተንሳፈፈብዎ፣ ከዳር ብርሃን ብልጭ ካለብዎ ወይም ጥላ ከጎን ከተጋረደብዎ የእርስዎ ዓይን ነው፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ይሂዱ። እኔ ግን እንደ ወዳጅ ልምከርዎ፣ ወደ ስልክ ክፍላችሁ እንዳይደውሉ።